የድመት ስኳር በድሬዳዋ፦ መቼ ማብላት፣ መቼ መውጋት

ድሬ ላይ "ድመቴ ስኳር አለበት" ብትሉ መጀመሪያ የምትሰሙት ሳቅ ነው። "አቦ ተይ! ድመት ደግሞ ስኳር?" ከሳቁ ቀጥሎ ምክር ይመጣል፤ "ሽፈራው ቀቅለሽ አጠጪው" የሚለው አይቀርም። ሁለቱንም ጠግቤያለሁ። ይህን የምጽፈው ሳቁንም ምክሩንም አልፎ፣ ከእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ፣ "እሺ፣ አሁን መቼ ላብላው? መቼ ልውጋው?" እያለ ለሚጨነቅ ሰው ነው። መጠኑን ሐኪማችሁ ይነግራችኋል። ሰዓቱን ከኑሯችሁ ጋር የምታስታርቁት ግን እናንተው ናችሁ። እኔም ብዙ የለፋሁት እዚያ ላይ ነው።

ድመቴ ቡላ ይባላል። ወንድ ነው፣ የተኮላሸ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ከመታመሙ በፊት ደግሞ ወፍራም። ስኳር በብዛት የሚይዘው እንዲህ ያሉትን ነው። ውሃ ማብዛት ሲጀምር ማንም ልብ አላለውም፤ ድሬ ላይ ውሃ የማያበዛ ማን አለ? ነገሩ የገባን ጉንዳን ሽንቱ ላይ መሰለፍ ሲጀምር ነው። እየበላ ይከሳል። ቆይቶም የኋላ እግሩን ተረከዝ መሬት እያስነካ መሄድ ጀመረ። ጤነኛ ድመት በጣቶቿ ነው የምትራመደው። ስኳሩ ነርቭ ሲጎዳ ነው እንዲህ የሚሆነው፤ ሕክምናው ሲይዝ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

ምርመራው በደምም በሽንትም ነው የተሠራለት። ድመት በድንጋጤ ብቻ ስኳሯ ይወጣል። በባጃጅ ተንገላቶ፣ በፍየልና በውሻ መሃል ተቀምጦ የተለካ ደም ብቻውን አይታመንም። አንዴ ተለክቶ "ስኳር ነው" ከተባላችሁ ሽንቱም እንዲታይ ጠይቁ።

ለቡላ የታዘዘለት ግላርጂን የሚባለው ኢንሱሊን ነው። የሰው መድኃኒት ነው፤ ጥርት ያለ፣ በዝግታ የሚሠራ። ለሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ይበቃል። የድመት ሰውነት ግን ኢንሱሊንን ቶሎ ስለሚጨርስ በየ12 ሰዓቱ ይወጋል። ሌላው የተለመደው ደፍረስ ያለው ኤንፒኤች ነው። እሱ ድመት ላይ ፈጥኖ ተነስቶ ፈጥኖ ያልቃል፤ ስለዚህ ምግቡ ከመርፌው ጋር ይበልጥ መግጠም አለበት። ከመቅዳታችሁ በፊትም ብልቃጡን በመዳፍ መሃል ቀስ አድርጎ ማንከባለል ነው፤ አይናጥም። የእናንተ ድመት የትኛውን እንደምትወስድ ሳታውቁ የሌላ ሰው ፕሮግራም አትቅዱ። የኔንም ጭምር።

በየ12 ሰዓቱ ሲባል የኛ አቆጣጠር ያግዛል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከሆነ ማታም 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ አይምታታም። እማዬ "የማታውን አዛን ስሰማ እወጋዋለሁ" ብላ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ያስኬዳል። መግሪብ ግን ከፀሐይ ጋር ነው የሚሄደው፤ ወቅት ሲለወጥ ወደፊትም ወደኋላም ይላል። ስለዚህ የስልክ ማንቂያ ሞላንላት።

12 ተኩልን የመረጥነው ለቀትሩ ብለን ነው። ላስረዳ። ኢንሱሊን እንደተወጋ ወዲያው ጉልበቱ አይታይም። ብዙ ድመቶች ላይ ስኳሩ በጣም ዝቅ የሚለው ከመርፌው በኋላ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ እንደ ኢንሱሊኑና እንደ ድመቷ ይለያያል። እስኪ ቁጠሩት። ጠዋት 12 ተኩል የተወጋ ድመት ከረፋዱ 4 ተኩል እስከ ከሰዓት 8 ተኩል ድረስ ነው ዓይን የሚያስፈልገው። ይህ ሰዓት ድሬ ላይ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ሱቁ ይዘጋል። ከዚራ ጭር ይላል። ምሳ ተበልቶ፣ ቬንትሌተር ተከፍቶ፣ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመውም ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ድመቱም ሊሾው ላይ ተዘርግቶ ይተኛል።

ይህ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ፣ በቀትር ቤት ሰው አለ። እኔ ጠዋት ሥራ እገባለሁ፣ ቀትር ላይ እመለሳለሁ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ደግሞ እወጣለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብወጋው ኖሮ ዝቅታው እስከ 10 ሰዓት ሊዘልቅ ነው፤ ያኔ ቤቱ ባዶ ነው። ስለዚህ ሰዓት ስትመርጡ ወደኋላ አስቡ። መጀመሪያ ቤት ሰው የሚኖርበትን ጊዜ ያዙ፣ ዝቅታው እዚያ ውስጥ እንዲወድቅ አድርጉ፣ ከዚያ የመርፌውን ሰዓት አስሉ። መጥፎነቱ ደግሞ በሙቀት የደከመ ድመትና ስኳሩ የወረደ ድመት ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የሌሊቱ ዝቅታ ከምሽቱ 4 ተኩል በኋላ ነው የሚመጣው፤ ሁላችንም ተኝተናል። ስለዚህ ቡላ የማታ ምግቡን ሁሉ በአንዴ አይጨርስም። ሩብ ያህሉን ቀንሼ ከመተኛቴ በፊት፣ 4 ሰዓት አካባቢ አስቀምጥለታለሁ። ድመት በተፈጥሮዋ በትንሽ በትንሹ የምትበላ እንስሳ ናት። እንደ ግላርጂን ባለው ዘገምተኛ ኢንሱሊን መሃል ላይ መቅመስ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ያግዛል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ ምግብ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ከዚያ መርፌ።

ጎረቤታችን ጋሼ ለዓመታት ኢንሱሊን የወሰዱ ሰው ናቸው። መርፌ አያያዝ፣ አረፋ ማስወጣት፣ ቆዳ ማንሳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማንም። "ልጄ፣ ወግተሽ ግማሽ ሰዓት ትቆያለሽ፣ ከዚያ ታበያለሽ" አሉኝ። ለሳቸው ልክ ነው፤ ከምግብ በፊት የሚወሰደው ፈጣን ኢንሱሊን እንዲህ ነው የሚባለው። ለድመት ግን አይሆንም። ጋሼ ቢያስጠላቸውም "ተወግተዋልና ይብሉ" ሲባሉ ይበላሉ። ቡላን ማን ያሳምነዋል? ከተወጋ በኋላ ሳህኑን አሽትቶ ዞር ቢል ኢንሱሊኑ ውስጡ ገብቷል፤ መልሶ ማውጣት የለም። ይህን ለሐኪሙ ስነግረው ሳቀና "ጋሼን ሰላም በይልኝ፣ አንቺ ግን አብልተሽ ውጊ" አለኝ።

ሐኪሙ የሰጠኝ ደንብ ይህ ነው። ሙሉውን ከበላ ሙሉ መጠን። ግማሹን ከበላ ግማሽ መጠን። እንቢ ካለ አልወጋም፣ እደውላለሁ። በልቶ ካስመለሰ እንዳልበላ ይቆጠራል። የእናንተ ሐኪም ትንሽ ለየት ያለ ደንብ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ዋናው ችግሩ ሳይመጣ በፊት ጠይቃችሁ መጻፋችሁ ነው። ምግብ እንቢ ማለቱ ቀን ሙሉ ከዘለቀ፣ በተለይ ማስመለስና መፍዘዝ ካለበት፣ ጊዜ አትስጡት። ስኳር ያለበት ድመት ደም ውስጥ አሲድ ሲከማች እንዲህ ያደርገዋል፤ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

መውጋቱ ራሱ እንደምትፈሩት አይደለም። ቡላ ሳህኑ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ጎኑ አጠገብ በርከክ እላለሁ። ግራ እጄ ጀርባውን ትንሽ ያሻል። ከትከሻው ዝቅ ብሎ ያለውን ልል ቆዳ በሁለት ጣት አነሳለሁ፤ ከስሩ ትንሽ ጉድጓድ ይሠራል። መርፌው እዚያ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ማኘኩን እንኳ አያቆምም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አልወጋም፤ ዛሬ ግራ ጎን ከሆነ ነገ ቀኝ ነው። ሲያበቃ ጸጉሩን በጣቴ ዳስሼ አሸታለሁ። እርጥብ ከሆነና ያ የሆስፒታል የሚመስል ሽታ ካለው መርፌው በሌላው በኩል ወጥቶ ኢንሱሊኑ ጸጉር ላይ ፈሷል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን አይደገምም። ስንት እንደገባ ስለማይታወቅ እስከሚቀጥለው የመርፌ ሰዓት መጠበቅ ነው። አንድ መርፌ ቢያመልጥ ስኳሩ ለግማሽ ቀን ከፍ ይላል፣ በቃ። ሁለት ከተደረበ ግን ሊገድለው ይችላል።

ስለ ሲሪንጁም ሳልነግራችሁ አላልፍም። ድመት ብዙ ጊዜ የምትጀምረው ከ1 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ) አካባቢ ነው። የጋሼ መጠን ለቡላ ቢሰጥ በዚያው ቀን እናጣዋለን። በ1 ሚሊ ሊትሩ የኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ ደግሞ አንዷ መስመር ብዙውን ጊዜ 2 ዩኒት ናት፤ በዓይን ግምት ግማሽ መስመር መቅዳት ሎተሪ ነው። ፋርማሲ ስትገቡ 0.3 ሚሊ ሊትሩን፣ ቢገኝ የግማሽ ዩኒት ምልክት ያለውን ጠይቁ። መጀመሪያ በገባንበት አልነበረም፤ ጠይቀን ጠይቀን ነው ያገኘነው። ከውጭ የእንስሳት ኢንሱሊን የሚመጣላችሁ ካላችሁ ደግሞ ጽሑፉን እዩ። ብልቃጡ ላይ 40 የሚል ከሆነ (በ1 ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ማለት ነው) የራሱ ባለ 40 ሲሪንጅ አለው፣ በተለመደው ባለ 100ው አይቀዳም። የጎረቤትን ብልቃጥ መጋራትም አይሆንም፤ ጋሼ ከልባቸው አቅርበውልኝ ነበር፣ አመስግኜ ተውኩት።

ሰዓት ሲያልፍስ? ያልፋል። ለቅሶ አለ፣ ሐረር መሄድ አለ፣ መኪና መንገድ ላይ መበላሸት አለ። የኛ ሐኪም ደንብ የዘገየው ከ2 ሰዓት ካልበለጠ አብልቶ መውጋት፣ ከዚያ ካለፈ መዝለል ነው። የቀረውን ለማካካስ ብሎ መጨመር የለም። ሰዓቱን ለዘለቄታው ማዛወር ስንፈልግ ደግሞ በአንዴ ሳይሆን በየቀኑ ሩብ ሰዓት ወይ ግማሽ ሰዓት እየገፋን ነው።

ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የሚወጋ ካለ ወረቀት ግድ ነው። ፍሪጁ በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለን፤ ቀን፣ ጠዋት፣ ማታ፣ "በላ"፣ "ተወጋ"። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፣ አለበለዚያ በማግስቱ አይገኝም። "ወጋሁት መሰለኝ" የሚባል ነገር እኛ ቤት የለም። ወረቀቱ ላይ ምልክት ካለ ተወግቷል። ከሌለና የወጋው ሰው ደግሞ እርግጠኛ ካልሆነ አይወጋም። እኔና እማዬ ሳንኖር የጎረቤት ልጅ ትረዳናለች። በረመዳን ግን የማታው መርፌ ከማፍጠሪያው ጋር ስለሚጋጭ እሷን አላስቸግርም፤ ያን ወር አንዳችን ቤት እንሆናለን።

ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። የተከፈተ ግላርጂን ከ30 ዲግሪ በታች ለ28 ቀን ይቆያል ይላል ወረቀቱ። ግንቦትና ሰኔ ድሬን የሚያውቅ 30 ዲግሪ የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ይንገረኝ። ስለዚህ የተከፈተውም ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ ወይ መሃል መደርደሪያ፣ ከበረዶ ቤቱ ራቅ ብሎ። የቀዘቀዘና በረዶ የነካው አንድ አይደለም፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ የድሮውን ዘዴ እንጠቀማለን። ትንሽ ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፣ መሃሉ በአሸዋ ይሞላል፣ አሸዋው ይረጥባል፣ ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል፣ የድሬ ደረቅ አየር ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ከፋርማሲ ስትመጡ በፔርሙዝ ያዙት። በረዶ ካለበት ብልቃጡ እንዳይነካው በፎጣ ጠቅልሉት።

ምግቡን በተመለከተ ቡላ ድሮ የቤቱን ነበር የሚበላው፤ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ወጥ የነካው እንጀራ። ሦስቱም ስኳር የሚያወጡ ናቸው፣ ወጡ ደግሞ ሽንኩርት አለው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመት ደም ይጎዳሉ። አሁን ዶሮ፣ የበሬ ወይ የግመል ሥጋ፣ ልብ፣ አንዳንዴ ዘይት የሌለው ቱና ነው። ሥጋ ብቻ ካልሲየም ስለሚጎድለው ሐኪሙ የሚጨመር ነገር አዞለታል። ሁሉም ተመዝኖ፣ በየዕለቱ እኩል ነው። በሁዳዴ እኛ የምንገዛበት ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ያኔ መጋላ ወርደን ከሙስሊም ሥጋ ቤት እንገዛለን። ባለቤቱ አይተውን "ጾም ገባ አይደል?" ሲል እማዬ "ለድመቱ ነው ልጄ፣ እሱ አይጾምም" ትለዋለች። አጥንት ያለበትን እየለየ መልካሙን ይሰጠናል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ምግቡን ከሩዝ ወደ ሥጋ ስትቀይሩ የኢንሱሊን ፍላጎቱ ሊወርድ ይችላል፣ ያውም በፍጥነት። ሳትነግሩ አትቀይሩ። ቀስ በቀስ፣ ከሐኪም ጋር እየተነጋገራችሁ፣ እየለካችሁ ይሁን።

የሰው የስኳር መለኪያ ለድመትም ይሠራል፤ ከእውነተኛው ትንሽ ዝቅ አድርጎ የማንበብ ባሕርይ አለው እንጂ። ደሙ ከጆሮ ጠርዝ ነው የሚወሰደው። ጆሮውን በእጅ አሙቆ፣ ከኋላው ጥጥ ደግፎ፣ ጠርዙን በመርፌ ወጋ ማድረግ ነው። ከመርፌ በፊት ከ150 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ካነበብኩ ሳልወጋ እደውላለሁ። አልፎ አልፎ እሁድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በየ2 ሰዓቱ እለካለሁ፤ ዝቅታው መቼ እንደሚመጣና ስንት እንደሚደርስ የሚታየው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ዝቅተኛው ከ80 እስከ 150 ባለው ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል። የመለኪያው ስትሪፕ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ይህ ግን ገንዘቡ የሚገባው ቦታ ነው።

ወደ ቀትሩ ልመለስ። ሙቀት ያደከመው ድመት ስሙ ሲጠራ ጆሮውን ያዞራል፣ የሥጋ ሳህን ሲንኳኳ ዓይኑን ይከፍታል። ስለዚህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሳህኑን በማንኪያ መታ መታ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ስመታው ቡላ ተነሳ፣ ነገር ግን ወገቡ አልታዘዝ አለው። ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ቆመ። ዓይኑ ፈጥጧል፣ አፉ ላይ ለሃጭ አለ። ጠዋት ሳህኑን ልሶ ነበር የበላው፣ መርፌውም ልክ ነበር። ስለካው 48 አለኝ። ከ60 በታች አጣዳፊ ነው።

ማር ፍሪጁ ላይ ሁልጊዜ አለ። በጣቴ ዝቄ ድዱ ላይ ቀባሁለት፣ ደገምኩ። አፍ ውስጥ ማፍሰስ የለም፤ ወደ ሳንባ ይገባል። የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ጣታችሁን ከጥርሱ አርቁ፣ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን ብቻ ቀቡ፣ ቀብታችሁም ወዲያው ሐኪም ጋ ሩጡ። ቡላ ቀና ሲል ዶሮ ሰጠሁት፣ በላ። ማር ቶሎ ያልፋል፣ ኢንሱሊኑ ግን አሁንም እየሠራ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ቦታ ደውዬ ቀረሁ፣ እስከ ማታ እየለካሁ አጠገቡ ዋልኩ።

ሐኪሙ የማታውን አስቀርቶ መጠኑን በግማሽ ቀነሰው። የሆነው ነገር ክፉ ብቻ አልነበረም። ድመት ከሰው የምትለየው እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ ከታከመችና ምግቧ ከተስተካከለ ቆሽቷ መልሶ ሊያገግም፣ አንዳንዷ መርፌውን ጨርሳ ልትተው ትችላለች። ያኔ የትናንቱ ልክ መጠን ዛሬ ይበዛባታል። ቡላ አሁንም በግማሽ ዩኒት ላይ ነው፤ ተረከዙ ከመሬት ተነስቷል፣ አጥር ላይም መውጣት ጀምሯል። መርፌውን ይተዋል አይተውም ገና በመለካት የሚታይ ነው። እናንተም "ተሻለው" ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ሐኪሙ ይቀንስ፣ እናንተ ለኩ።

ያገለገለውን መርፌ ቆሻሻ ላይ አትጣሉ። ድሬ ላይ ቆሻሻ ላይ የሚሰማራ ፍየል ብዙ ነው፣ ልጆችም አሉ። እኛ ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ እናጠራቅማለን፣ ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር አሽገን ጤና ጣቢያ እናስረክባለን። መርፌ የሚያቃጥሉበት ቦታ አላቸው፤ ስትሄዱ "የስኳር መርፌ ነው" ማለት ይበቃል።